«ሪፉ አገግሟል፣ ከሰሉን ተዉት» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ለእኔም ደረሰኝ። በአማርኛ የተጻፈ ነው። የሚያወራው ግን ከእኛ በጣም ስለራቀ ባሕር ነው፤ በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት ዳርቻ ስላለው፣ ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ስለገነቡት ሰፊ የአለት ስብስብ፣ ስለ ግሬት ባሪየር ሪፍ። ይህን የኮራል ሪፍ ከድንጋይ ከሰል ኢንዱስትሪ ለመጠበቅ የተካሄደውን የብዙ ዓመት ዘመቻ ጸሐፊው አንድ በአንድ እያነሱ ያጣጥሉታል። ሪፉ ድኗል ይላሉ። የጎዳው አውሎ ነፋስና ኮራል የሚበላው የባሕር ኮከብ የሚባል እንስሳ እንጂ ከሰል አይደለም ይላሉ። ዘመቻው ሠራተኛውን ሥራ አሳጣ፣ የህንድን ድሃ መብራት ከለከለ፣ የሚነዳውም በከተሜዎችና በውጭ ገንዘብ ነው ይላሉ። በመጨረሻም ምንም ውጤት አላመጣም ብለው ይደመድማሉ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አማርኛው ያምራል። ከጠቀሷቸው ቁጥሮች ውስጥ እውነተኞች አሉ። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚህ ነው። እውነተኛ ቁጥር ያለ ቦታው ሲገባ አንባቢ በቀላሉ አይነቃም። ስለዚህ እሳቸው በሄዱበት ቅደም ተከተል ልሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ሪፉ 2,300 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በአየር መስመር ከሞያሌ ሑመራ ደርሶ መልስ ሊሆን ምንም አይቀረውም። አንድ ወጥ ግድግዳ ግን አይደለም፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሪፎች ስብስብ ነው። በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚመግቡት እነሱ ናቸው፤ ቀለሙንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ውኃው ከበጋው ከፍተኛ ሙቀት አንድ ዲግሪ ብቻ አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። አልጌዎቹ መርዛማ ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ፤ ኮራሉ ያስወጣቸዋል፤ ራሱም ነጭ ሆኖ ይቀራል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው። ነጭ የሆነ ኮራል ወዲያው አይሞትም። ተርቦ ይቆያል። ውኃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌዎቹ ይመለሳሉ። ካልቀዘቀዘ ይሞታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ በ2022 የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም በሰሜኑና በመካከለኛው የሪፉ ክፍል የኮራል ሽፋን (ሕያው ኮራል የሸፈነው የወለሉ ድርሻ) በ36 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ መድረሱን አስታውቋል፤ ታዲያ «ሪፉ ሊሞት ነው» ሲሉን የነበሩት የት ገቡ?

ቁጥሩ ትክክል ነው። በዚያ ዓመት ሽፋኑ በሰሜን 36 በመቶ፣ በመካከለኛው 33 በመቶ ነበር። እኔም ያኔ ዜናውን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ግን ምን እንዳደገ እንጠይቅ። ሽፋኑን ከፍ ያደረጉት በአብዛኛው አክሮፖራ የሚባሉት ቶሎ የሚያድጉ የኮራል ዓይነቶች ናቸው። እኛ አገር ይህን ለመረዳት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ደኑ የተጨፈጨፈ ኮረብታ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተራራው ከሩቅ አረንጓዴ ይሆናል። ዝግባውና ወይራው ተመለሱ ማለት ግን አይደለም። አክሮፖራም እንደዚያ ነው። ፈጥኖ ያድጋል። በሙቀት ቀድሞ የሚሞተው፣ በማዕበል ቀድሞ የሚሰበረው፣ የባሕር ኮከቡም አስቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ተቋሙ ራሱ የ2022ቱን ዜና ሲናገር አብሮ ያስጠነቀቀው ነው። ጸሐፊው ዜናውን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

ከዚያ የሆነውንም አልጻፉም። በ2024 ሪፉ እንደገና ነጣ። በ2025ም ነጣ። የዚያው ተቋም የ2025 ሪፖርት እንደሚለው በአንድ ዓመት ውስጥ የሰሜኑ ሽፋን ከ39.8 ወደ 30 በመቶ ወረደ። የደቡቡ ከ38.9 ወደ 26.9 ወረደ። ልኬቱ ከተጀመረ ወዲህ በሁለቱም ክፍሎች በአንድ ዓመት ይህን ያህል ተወስዶ አያውቅም። በ2022 ቁጥር ተደስቶ በ2025 ቁጥር ላይ ዓይን መጨፈን ተገቢ አይመስለኝም።

የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሪፉ በሰፊው የነጣባቸውን ዓመታት ልቁጠርላችሁ፦ 1998፣ 2002፣ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024፣ 2025። ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከ2002 በኋላ የ14 ዓመት ዕረፍት ነበር። ከዚያ ዕረፍቱ አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ሆነ። ቶሎ የሚያድጉት ኮራሎች እንኳ ለማገገም ወደ አሥር ዓመት ይፈልጋሉ። ዘገምተኞቹ፣ ያ ትልቅ አለት የሚመስለውን የሚሠሩት፣ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋሉ። ኮራል ማገገም ይችላል፤ ማንም አልካደም። የጠፋው ችሎታው ሳይሆን ፋታው ነው። ሪፉ «አገግሟል» የሚል ሰው ያየው በሁለት ሕመም መካከል ያለውን አንድ ደህና ቀን ነው። ዘመቻው ሁሉ የሚጮኸው ስለዚህ ፋታ ነው። ፋታውን የበላው የባሕሩ ሙቀት ነው፤ ከኃይል አጠቃቀም ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከድንጋይ ከሰል ነው።

«ኤልኒኖ እንጂ ከሰል አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ጽሑፉ ውስጥ አለ። ኤልኒኖን እኛም እናውቀዋለን። በ2015 እና 2016 ያ ኃይለኛ ኤልኒኖ በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የአስቸኳይ ምግብ እርዳታ ጠባቂ አድርጎ ነበር። በዚያው ወቅት ነው የሪፉ ሰሜናዊ ክፍል የተቀቀለው። ኤልኒኖ እጁ እንዳለበት አልክድም። ግን 2022ን እንዴት ያስረዱልናል? 2022 የላኒና ዓመት ነበር። በላኒና ጊዜ በዚያ አካባቢ ደመናና ዝናብ ይበዛል፤ ባሕሩም ቀዝቀዝ ማለት ነበረበት። ሪፉ ግን ነጣ። በላኒና ዓመት በሰፊው ሲነጣ ያ የመጀመሪያው ነው። የባሕሩ መነሻ ሙቀት ራሱ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ኤልኒኖ ሳይመጣም ድስቱ ለመፍላት ትንሽ ነው የቀረው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ገዳዩ ሌላ ነው የሚለው ነው። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ይጠቅሳሉ። ከ1985 እስከ 2012 የኮራል ሽፋኑ ከ28 ወደ 13.8 በመቶ ወረደ። ለዚህ ጥፋት አውሎ ነፋስ 48 በመቶ፣ የእሾህ አክሊል የሚባለው የባሕር ኮከብ 42 በመቶ፣ መንጣት ደግሞ 10 በመቶ ብቻ ድርሻ ነበራቸው። ይህም እውነት ነው። ጥናቱ የሚያበቃው ግን በ2012 ነው። ከላይ የዘረዘርኳቸውን ስምንት ዓመታት ተመልከቱ፤ ስድስቱ ከዚያ በኋላ ናቸው። በ2016 ብቻ፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ፣ ከሪፉ ጥልቀት የሌለው ውኃ ኮራሎች 30 በመቶ ያህሉ ሞቱ። በ2012 የተጻፈ ጥናት በ2016 ስለሞተው ሊነግረን አይችልም።

የባሕር ኮከቡን ጉዳይም ዘመቻው ረስቶት አያውቅም። ከሸንኮራ አገዳ እርሻ በጎርፍ የሚታጠበው ማዳበሪያ የኮከቡን እጭ ይመግባል። ሪፉን የሚሟገቱ ሰዎች ስለ እርሻው ፍሳሽም ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። አንድ ሰው ሁለት በሽታ ቢይዘው አንዱን ስለታከመ ሌላውን ተው አይባልም።

«ማዕድኑ ከባሕሩ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ታዲያ በምን ይደርስበታል?» ብለው ይጠይቃሉ። አዳኒ የተባለው የህንድ ኩባንያ የከፈተው የካርማይክል ማዕድን በእርግጥ ያን ያህል ይርቃል። ከሰል ግን እዚያው አይቀመጥም። በባቡር ወደ ወደብ ይወርዳል፤ በመርከብ በሪፉ መካከል ያልፋል፤ ከዚያ ይነዳል። ሦስቱም ቦታ ላይ ሪፉን ያገኘዋል።

ወደቡ በቦወን ከተማ አቅራቢያ ያለው አቦት ፖይንት ነው። በታኅሣሥ 2013 የፌዴራሉ የአካባቢ ሚኒስትር ግሬግ ሃንት ወደቡን ለማስፋት 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የባሕር ወለል እንዲቆፈር ፈቀዱ። በሚቀጥለው ወር የሪፉ የባሕር ፓርክ ባለሥልጣን፣ ፓርኩን ሊጠብቅ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት፣ ጭቃው እዚያው ፓርኩ ውስጥ እንዲደፋ ፈቃድ ሰጠ። ኮራል ብርሃን ይፈልጋል። ደቃቅ ጭቃ ውኃውን ያደፈርሳል፤ የባሕር ሣሩንም ይሸፍናል። የከሰሉ ብናኝ ራሱስ? በ2016 የታተመ የላቦራቶሪ ሙከራ ብዙ የከሰል ብናኝ ባለበት ውኃ ውስጥ የተቀመጡ ኮራሎች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሞቱ አሳይቷል። በእርግጥ ያን ያህል ብናኝ ባሕር ውስጥ የሚገባው ትልቅ አደጋ ሲደርስ ነው።

አደጋ ደርሶ ያውቃል ወይ? በሚያዝያ 2010 ሸን ኔንግ 1 የተባለች የቻይና መርከብ ከግላድስተን ወደብ ከ65,000 ቶን በላይ ከሰል ጭና ወጣች። በዚያ ሰዓት ተረኛ ሆኖ የሚመራት መኮንን ባለፉት 38 ሰዓት ተኩል ውስጥ የተኛው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነበር። መታጠፍ በነበረባት ቦታ ሳትታጠፍ ቀረችና ዳግላስ ሾል የተባለው ሪፍ ላይ ወጣች። እዚያ ለቀናት እየተፋተገች ቆየች። ነዳጅ ፈሰሰ። ከሥሯ የተቀባው መርዛማ ቀለም በኮራሉ ላይ ተላጠ። የጥፋቱ ጠባሳ ሦስት ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መንግሥትና የመርከቧ ባለቤት ስለ ካሳው የተስማሙት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ 39.3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። ይህን ታሪክ ሳነብ መርከበኛው ያሳዝነኛል። ሪፉ ግን ይበልጥ ያሳዝነኛል። በአንድ ሰው እንቅልፍ ማጣት የዘመናት ሥራ እንዲህ ይላጣል። ጸሐፊው ስለ ሸን ኔንግ አንድ ቃል አልጻፉም።

ሦስተኛው መንገድ የጢስ ነው። እሱን ከላይ ብዬዋለሁ።

ሦስተኛው ነጥባቸው፣ ስለ ሥራ የጻፉት፣ በጣም አጭር ስለሆነ እኔም አጭር እሆናለሁ። «10,000 ሰው ሥራ ሊያገኝ ሲል ዘመቻው አከሸፈው» ይላሉ። ይህን ቁጥር ያወራው የካርማይክል ባለቤት አዳኒ ነው። በ2015 ጉዳዩ በኩዊንስላንድ የመሬት ፍርድ ቤት ሲታይ ግን ኩባንያው ራሱ ያቀረበው የኢኮኖሚ ባለሙያ በአማካይ በዓመት 1,464 ሥራ ብሎ መሰከረ፤ ያውም በተዘዋዋሪ የሚፈጠሩትን ጨምሮ። የቀረው ላም አለኝ በሰማይ ነው። በሌላ በኩል በ2017 ዴሎይት የተባለው አማካሪ ድርጅት ያወጣው አንድ ጥናት ሪፉ 64,000 ሥራ እንደሚደግፍ አስልቷል። ጠላቂ አስተማሪው፣ የጀልባ ነጂው፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊዋ፣ ዓሣ አጥማጁ። እነዚህም ሠራተኞች ናቸው። ልጅ ያሳድጋሉ፤ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ።

አራተኛው ነጥብ ልብ የሚነካ ነው፤ ስለዚህ በቁም ነገር ልመልሰው። «እናንተ አምፖል እያበራችሁ የህንድን ድሃ በጨለማ እንዲቀመጥ ፈረዳችሁበት» ይላሉ። መብራት የሌለው ቤት ምን እንደሚመስል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ክሱ የሚያመኝም ለዚህ ነው። ግን ከሰሉ የት እንደሚሄድ እንከተለው። የካርማይክል ከሰል ከሚነድባቸው ቦታዎች አንዱ አዳኒ በህንድ ጃርካንድ ግዛት የሠራው 1,600 ሜጋ ዋት ማመንጫ ነው። የዚያ ማመንጫ ኃይል የታሰበው ለጃርካንድ መንደሮች አልነበረም። ውሉ ሙሉ ኃይሉ ለባንግላዴሽ እንዲሸጥ ነው። መሬታቸው የተወሰደባቸው የጃርካንድ ገበሬዎች ተቃውሞ አሰምተው ነበር። ባንግላዴሽም በዋጋው ስታማርር ሰንብታለች። በ2017 ደግሞ በህንድ ራጃስታን ግዛት በወጣ ጨረታ የፀሐይ ኃይል በኪሎ ዋት ሰዓት 2.44 ሩፒ ተሸጠ። ይህ በዚያን ጊዜ ከብዙ የከሰል ማመንጫዎች ዋጋ በታች ነበር። ለድሃው የሚያዋጣው የትኛው እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልመንላቸው። ከኩዊንስላንድ የሚወጣው ከሰል አብዛኛው ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ነው። እሱን መተካት ኤሌክትሪክን የመተካት ያህል ቀላል አይደለም። ካርማይክል የሚገኝበት የጋሊሊ ተፋሰስ ከሰል ግን፣ ዘመቻው ሁሉ የዞረበት ማለት ነው፣ ለማመንጫ የሚነድ ነው።

«አውስትራሊያ ባትሸጥ ሌላው ይሸጣል» የሚለውን ደግሞ ኩባንያዎቹ በየፍርድ ቤቱ ሲሉት ኖረዋል። እኔ ባልሰርቅ ሌላ ሌባ ይሰርቃል እንደማለት ነው። በ2022 ግን አንድ ዳኛ አልተቀበሉትም። የአውስትራሊያዊው ቱጃር የክላይቭ ፓልመር ንብረት የሆነው ዋራታ ኮል የተባለ ኩባንያ በጋሊሊ ተፋሰስ አዲስ ማዕድን ሊከፍት ጠየቀ። ዩዝ ቨርዲክት የተባለ የወጣቶች ቡድን፣ ከመሪዎቹ አንዷ ዊርዲ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለደችው ሙራዋ ጆንሰን ናት፣ ሰብአዊ መብታችን ይጣሳል ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ፣ የኩዊንስላንድ የመሬት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ፍሉር ኪንግሃም፣ ምስክርነት የሰሙት በችሎት አዳራሽ ብቻ አልነበረም። ወደ ሰሜን፣ ሪፉ ወደሚያበቃበት ወደ ቶረስ ሰርጥ ደሴቶች ሄደው ሽማግሌዎቹን በአገራቸው ላይ ሰሙ። ባሕሩ መሬታቸውን እንዴት እየበላው እንደሆነ፣ ዓሣው እንዴት እንደቀነሰ። ከዚያ ከማዕድኑ የሚወጣው ከሰል ሲነድ 1.58 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያመነጭ ቆጥረው ፈቃዱ እንዲከለከል መከሩ። ሌላው ይሸጣል የሚለው መከራከሪያ ሚዛን አልደፋላቸውም። በ2023 ፈቃዱ ተከለከለ።

አምስተኛው፣ «ዘመቻው የሜልበርን ከተሜዎችና የውጭ ገንዘብ ሥራ ነው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ታሪኩን ባያውቁት ይሻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም እያወቁ ትተውት ከሆነ በጣም ያሳዝናል።

ነገሩ የጀመረው በ1967 ነው። አንድ የሸንኮራ ገበሬ ኤሊሰን ሪፍ ከተባለው ቦታ የኖራ ድንጋይ አውጥቼ ለማዳበሪያ ላድርገው ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ምክንያቱ ምን ነበር መሰላችሁ? ሪፉ ሞቷል የሚል ነው። በአካባቢው የሚኖር ጆን ቡስት የሚባል ሠዓሊ ተቃወመ። ወጣት ጠላቂዎች ከዩኒቨርሲቲ መጥተው ውኃ ውስጥ ገቡና ሕይወቱን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሪፉ አልሞተም ነበር። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ባለቅኔዋ ጁዲት ራይትና የደን ሳይንቲስቱ ሌን ዌብ ከቡስት ጋር ሆነው ትግሉን ቀጠሉ። ቀጥሎ የመጣው ነዳጅ ቁፋሮ ነበር። በ1970 የቁፋሮ መርከብ ሊመጣ ሲል ያቆሙት እነማን ናቸው? የሠራተኛ ማኅበራት። አናገለግላትም ብለው አደሙ። በ1975 የባሕር ፓርኩ ሕግ ወጣ። ያኔ «ሞቷልና እንቆፍረው» ተባለ። ዛሬ «ድኗልና እንቆፍር» ይባላል። ሪፉ በምን ሁኔታ ላይ ቢሆን ነው የሚተዉት?

በአቦት ፖይንቱም ክርክር ፍርድ ቤት የሄዱት የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። የዊትሰንዴይ ነዋሪዎች ቡድን፣ የታውንስቪል የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ የማካይ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር። በ2015 የካርማይክልን የመጀመሪያ ፈቃድ በፍርድ ቤት ያስሻረው የማካይ ማኅበር ነው። ማካይ የከሰል ከተማ ናት።

የውጭ ገንዘብ የተባለው እውነት አለው። በ2012 የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ ግሪንፒስና ሌሎች የጻፉት የዘመቻ እቅድ ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር የሚጠይቅ። ገንዘብ ጠይቀዋል፤ እቅድ አውጥተዋል። ከማን፣ ለምን፣ ስንት የሚለውን በግልጽ መናገር ነበረባቸው እላለሁ። ግን የካርማይክል ማዕድን ያኔ የታሰበው ወጪ 16.5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የገንዘብ ጉልበት የማን እንደሆነ አንባቢ ያመዛዝን።

ሌላም የማምነው የዘመቻው ስህተት አለ። በ2019፣ ልክ ከምርጫው በፊት፣ የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ የቀድሞ መሪ ቦብ ብራውን ከታዝማኒያ የመኪና ሰልፍ ይዘው እስከ ከሰል ከተማዋ ክለርሞንት ሄዱ። ከተማዋ በቁጣ ተቀበለቻቸው። በእኔ ግምት ያ ጉዞ ጎዳ እንጂ አልጠቀመም። እንጀራው ከከሰል የሆነ ሰው ደጁ ላይ በሰልፍ መጥተህ «ሥራህ ጥፋት ነው» ስትለው አይሰማህም። ቤቱ ገብተህ፣ ቡና ጠጥተህ፣ ማዕድኑ ሲዘጋ ልጆችህ ምን ይበላሉ ብለህ መጠየቅ አለብህ። ዘመቻው ይህን ጥያቄ ዘግይቶ ነው ያነሳው። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ እጅ እነሣ ነበር።

የመጨረሻው፦ «ማዕድኑ ተከፍቷል፤ ዘመቻው ከሽፏል»። አዎ፣ ካርማይክል ተከፍቷል። በ2021 መጨረሻ የመጀመሪያው ከሰል ተጫነ። ያ ቀን ለብዙ ሰው መራራ ነበር። የተከፈተው ግን የታሰበው ማዕድን አይደለም። በዓመት 60 ሚሊዮን ቶን ሊያወጣ የታቀደው በ10 ሚሊዮን ተጀመረ። 16.5 ቢሊዮኑ ወደ 2 ቢሊዮን ወረደ። ለምን? አራቱ ታላላቅ የአውስትራሊያ ባንኮች ገንዘብ አናበድርም አሉ። የፌዴራሉ ፈንድ ለባቡሩ ሊያበድር የነበረውን አንድ ቢሊዮን ዶላር የኩዊንስላንድ መንግሥት በ2017 አገደው። ባንኮቹን በየቅርንጫፉ በር ላይ ሲያስጨንቁ የከረሙት ጡረተኞች፣ ተማሪዎችና እናቶች ናቸው። በጋሊሊ ተፋሰስ በርካታ ግዙፍ ማዕድኖች ታቅደው ነበር። እስካሁን የተከፈተው ያ አንዱ ነው።

የአቦት ፖይንት ጭቃም በሪፉ ፓርክ ውስጥ አልተደፋም። በ2015 አዲስ ወደብ ሲቆፈር የሚወጣን ጭቃ በፓርኩ ውስጥ መድፋት በመንግሥት ደንብ ተከለከለ። በየካቲት 2023 ደግሞ የወቅቱ የአካባቢ ሚኒስትር ታንያ ፕሊበርሴክ ከሪፉ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ሌላ የፓልመር ማዕድን ከለከሉ። በአውስትራሊያ የአካባቢ ሕግ መሠረት የከሰል ማዕድን በፌዴራል ሚኒስትር ሲከለከል ያ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ሁሉ ሪፉን አድኖታል ወይ? አላዳነውም። የአየር ንብረት ለውጥን የሚያጠናው የመንግሥታቱ የሳይንስ ጉባኤ በ2018 እንዳለው፣ የዓለም ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከኮራል ሪፎች ከ70 እስከ 90 በመቶው ይጠፋሉ። በ2 ዲግሪ ከ99 በመቶ በላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ዲግሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለሪፉ ግን ከአሥር ከአንድ እስከ ሦስት መትረፍና ምንም ያህል አለመትረፍ ነው። ያልተከፈተ እያንዳንዱ ማዕድን ከዚያች ግማሽ ዲግሪ ላይ የሚቀነስ ነው።

ለጸሐፊው ሁለት ትንሽ ጥያቄ አለኝ። በ2022 ቁጥራቸው ጎን የ2025ን ቁጥር ያስገቡ። የ2012ቱ ጥናት ከስድስት የመንጣት ዓመታት በፊት የተሠራ መሆኑንም በአንድ መስመር ይጻፉ። ያን ካደረጉ በኋላም በአቋማቸው ከጸኑ፣ ጽሑፋቸውን እንደገና አነባለሁ፤ እንደገናም እመልሳለሁ።